ካርዱን ቦታው መልሺው

ሳጥኑ አልነሳም ያለው ማክሰኞ ጠዋት ነው።

እኔ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። የታካሚ ካርድ ከመደርደሪያ አወጣለሁ፣ በመስኮቱ ብቅ ብዬ ስም እጠራለሁ፣ ሐኪም ሲጨርስ ካርዱን መልሼ ቦታው አስገባለሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ስም የምጠራው ግን እስከ የዛሬ አራት ወር ድረስ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሚጠራው ሳጥኑ ነው። እሱም ቢሆን ስም አይጠራም፤ ቁጥር ነው የሚጠራው።

ሳጥኑ ከላይ ሲታይ የጫማ ካርቶን ግማሽ የምታክል ቆርቆሮ ናት። ውስጧ የመጫወቻ ካርታ የማትበልጥ አረንጓዴ ቦርድ አለች፤ ኮምፒውተሩ እንዳለ እሷው ናት። ከየክፍሉ ሽቦ መጥቶ ይገባባታል። ሐኪሙ ወይም ነርሷ ክፍላቸው ሆነው አዝራር ሲጫኑ፣ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ «ቁጥር ሃያ ሦስት፣ ወደ ክፍል ሁለት» ይባላል። በሴት ድምፅ ነው የሚባለው። ድምፁ የባለቤቴ ነው።

ባለቤቴ እዚያው የመርፌ ክፍል ነርስ ናት። ሰው ሁሉ ሲስተር ይላታል። እኔም ሲስተር እላታለሁ፤ መጀመሪያ በሥራ ቦታ፣ ቆይቶ ቤትም።

ሳጥኗን የሠራት ሰው ባለሳጥኑ ይባላል፤ ሌላ ከተማ ነው የሚኖረው። ሊተክላት መጥቶ አንድ ሳምንት ተቀምጦ ነበር። ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከሲስተር ጋር ዕቃ ግምጃ ቤት ገብተው፣ ግድግዳውን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ከአንድ እስከ ሁለት መቶ ስትቆጥር ቀዳ። በሩ ክፍት ነበር። ይሄን ለእውነቱ ስል ነው የምናገረው። በሩ ክፍት ነበር፣ ሰው ይገባል ይወጣል፣ እኔም ፎርም ፍለጋ እያልኩ አራት ጊዜ ገብቻለሁ። የመጀመሪያ ቀን «እርስዎ» ይላታል። ሁለተኛውም ቀን «እርስዎ»። ሦስተኛው ቀን ስገባ «ሲስተር፣ ትንሽ ውኃ ጠጪ» ሲላት ሰማሁ። ጠጪ! «ይጠጡ» የት ሄደ? በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መካከል ምን ተባብለው ነው «እርስዎ» የወደቀው? ይሄን አራት ወር ሙሉ አስቤዋለሁ፤ ስጸልይ ሳይቀር በመካከል ይገባብኛል።

በመጨረሻው ቀን ሠራተኛውን ሰብስቦ ሳጥኗን ከፍቶ አስረዳ። ሁሉም ከበውት ሲያዩ እኔ የ«ፀ» መደርደሪያን ላስተካክል ሄድኩ። «ፀ» ላይ የሚስተካከል ነገር አልነበረም።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት እኔ አዲስ ባዶ ካርድ ላመጣ ማተሚያ ቤት ሄጄ ሳለ፣ ሳጥኗ «ቁጥር አርባ ሁለት፣ ቁጥር አርባ ሁለት» እያለች አንድ ቃል ላይ ትቆማለች። ሲስተር ለባለሳጥኑ ትደውላለች። ነቅላችሁ፣ እንዲህ አድርጋችሁ፣ ነገ ጠዋት ስኩት ይላቸዋል። ያዘዛቸውን ያደርጋሉ። ማክሰኞ ጠዋት ሲሰኩት ጸጥ። ሲስተር እንደገና ደወለች። ያልኳችሁን በሙሉ አድርጋችሁ ካልተነሳ ቦርዱ ተቃጥሏል፣ አዲስ ይዤ መምጣት አለብኝ አላት።

ዳይሬክተራችን ካርድ ክፍል ድረስ መጥቶ እንዲህ አለ፦ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንጠብቅ። ካልሆነ ነገ ጠዋት ይምጣ። ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጥና ከሲስተር ጋር ድምፁንም እንደገና ይቅዱት፤ አንዳንድ ቁጥር ላይ ይቆራረጣል። አንተ እስከዚያ እንደ ድሮህ ጥራ።»

ነገሩ የገባኝ እሱ ከወጣ በኋላ ነው። ሳጥኗ ካልተነሳች መስኮቱ የኔ ነው፣ አዳራሹ የኔ ነው፤ ግን ሰውየው ይመጣል፣ ብርድ ልብሱም ይሰቀላል። ሳጥኗ ከተነሳች ሰውየው አይመጣም፤ የኔ ድምፅ ግን ዳግመኛ እዚያ አዳራሽ ውስጥ አይሰማም። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል ሰውየው ባይመጣ ይሻለኛል። ስለዚህ የምጠላትን ሳጥን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማስነሳት ነበረብኝ።

ጠዋቱን ግን ጠራሁ። ውሸት አልናገርም፣ ደስ አለኝ።

የመጀመሪያውን ስም ከነአባቱ ስጠራ አዳራሹ ቀጥ አለ። ከዚያ አንዲት አሮጊት ከኋላ «ጥሩንባ መጣ!» አሉ። ጥሩንባ የሚለውን ስም ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው።

«ኧረ እኔስ ቀብረውታል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር» አሉ ከአጠገባቸው ያሉት ሽማግሌ።

«ማን ይቀብረኛል አባ? ካርዴን እኔው ነኝ የያዝኩት» አልኳቸው፤ አዳራሹ ሳቀ።

ስም መጥራት ዝም ብሎ መጮህ እንዳይመስላችሁ። የፈራ ሰው ስሙ ሲጠራ ይደነግጣል፤ ለእሱ ዝቅ አድርጌ፣ የአባቱን ስም አስረዝሜ ነው የምጠራው። ጆሮው የደከመን አፌን አሳይቼ ነው። ማን ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚፈልግ ተቀምጦ ከማዳመጥ በቀር የተማርኩት ትምህርት የለም። ሬዲዮ መጠገንም የተማርኩት እንደዚያው ነው፣ በጆሮዬ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ የክሊኒኩን ሚዛን፣ ደወል፣ የዕቃ መቀቀያውን ማሞቂያ ግን የምጠግነው እኔ ነኝ።

እየጠራሁ ሳለ በኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ የሲስተር ድምፅ ይሰማኛል። በስልክ ነች። «አዎ… ጠርገነዋል… ቦታው መልሰነዋል አልኩህ እኮ…» ከዚያ ሳቀች። «ኧረ ባክህ!»

ባክህ። በእሷም በኩል «እርስዎ» ወድቋል ማለት ነው። የያዝኩትን ካርድ ስም ሁለት ጊዜ አሳስቼ ጠራሁ።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ መስኮቱን ዘጋሁና ሳጥኗን ጠረጴዛዬ ላይ አወረድኳት። ዕቃ ከመክፈቴ በፊት በልቤ አንድ ነገር እላለሁ፤ ረጅም አይደለም፣ እጄን እንዲያቀናልኝ ነው። ያን ቀን ያልኩትን ግን ፈጣሪዬ ሰምቶ ምን እንዳለ እንጃ፤ «ያንን ሰው አታምጣብኝ» ነው ያልኩት።

አራት ብሎን ፈታሁ። ሰካሁ። ቀይ መብራት በራ። ከአጠገቡ ሌላ፣ አረንጓዴ መሆን ያለበት ትንሽ መብራት አለ፤ እሱ ጨርሶ ጠፍቷል። የኤሌክትሪኩን ኃይል በሜትሬ ለካሁ፤ ሙሉ ነው። ገመዱ ይሆናል ብዬ የስልክ ቻርጀር ቀየርኩ፤ ያው። ሶኬት ቀየርኩ፤ ያው። ከዓይን ክፍል አጉሊ መነጽር ተውሼ ብየዳውን አንድ በአንድ አየሁ፤ ያማረ ብየዳ ነው፣ አናደደኝ። አሸተትኩ፤ የተቃጠለ ነገር ይሸታል፣ ይሄ ምንም አይሸትም። መጨረሻ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩባት። ሬዲዮ ሲታመም ያቃስታል፤ ወይ ይንሾካሾካል፣ ወይ ያፏጫል፣ የቱ ጋ እንዳመመው ራሱ ይነግርሃል። ይቺ ዝም። ከሞተ ሰው ዝምታም ይለያል። ቁጭ ብሎ ትእዛዝ እንደሚጠብቅ ሰው ነው ዝም ያለችው።

ሲስተር የምሳ ዕቃውን ይዛ ገባች።

«አንተ፣ ምሳ።»

«ልጨርስ።»

«ምኑን ነው የምትጨርሰው? ባለሙያው ይመጣል ተብሎ የለ?»

«ለዚያ ነዋ መጨረስ ያለብኝ።»

«ምን አልክ?»

«ምን እንደነካው ልወቅ ብዬ ነው።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። ክዳኑን ከፍታ ማንኪያውን ወደ እኔ አዞረችው።

«ይኼውልህ፣ ደውልና ራሱን ጠይቀው። እኔ የሰማሁትን ነው የማቀብልህ፤ ሽቦ አላውቅ።»

«ሽቦ አታውቂም። ‹ባክህ› ማለት ግን ታውቂያለሽ።»

አየችኝ። እኔ ብሎን የጠፋኝ መስዬ ጠረጴዛው ሥር ጎነበስኩ። ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነው። ምሳ ዕቃው ተከፍቶ ማንኪያው ወደ እኔ እንደዞረ አለ።

ስምንት ሰዓት አለፈ። አፌ ስም እየጠራ እጄ ሽቦ እየነካ ስምንት ተኩል ሆነ። ዳይሬክተሩ በበሩ አልፎ ሰዓቱን አሳየኝ። ከዚያ ወዲያ የቀረኝ አንድ መንገድ ነበር። ክዳኑ ውስጥ ወረቀት ተለጥፏል፤ ችግር ካለ በዚህ ቁጥር ይደውሉ ይላል። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ በገዛ ስልኬ ደወልኩ።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?»

«ከክሊኒኩ ነው። ካርድ ክፍል።»

«ጋሼ! የሲስተር ባለቤት! እንደምን ነዎት?»

ለእኔ እርስዎ። ለእሷ አንቺ፣ ለእኔ እርስዎ። አንድ አልጋ ላይ የምናድር ሰዎች ነን፤ በመካከላችን የሃያ ዓመት ዕድሜ አስገባብን።

«ደህና ነኝ። ሳጥኑ አልነሳም አለ።»

«ቀዩ መብራት በርቷል?»

«በርቷል።»

«አረንጓዴውስ ይጠቅሳል?»

«አንዴም አልጠቀሰም።»

«ስለዚህ ካርዱን እያነበበ አይደለም። ካርዱ አለ?»

«የማን ካርድ?»

«ካርዱ።»

«ወንድሜ፣ እኔ ካርድ ክፍል ነኝ። አራት ሺህ ካርድ ነው ያለኝ። የታካሚውን ስም ንገረኝ።»

«የታካሚ አይደለም ጋሼ። የሳጥኑ ነው።»

«ሳጥን ካርድ የለውም። ካርድ የሚወጣው ለሰው ነው።»

ሳቁን ዋጠ። በስልክም ቢሆን ይታወቀኛል። ግን ድምፁን አስተካክሎ መለሰልኝ፤ ይሄን አልክድበትም።

«ቦርዷን ይገልብጧት። ከሥር፣ ጠርዙ ላይ፣ የብረት ከንፈር የመሰለች ስንጥቅ አለች?»

«ቆይ።» ይዣት ነው የገባሁት፤ ገለበጥኳት። «አለች።»

«ውስጧ የጥፍር ያህል ጥቁር ነገር አለ?»

ጣቴን ሰደድኩ። «ባዶ ነው።»

«ባዶ?! ጋሼ፣ ሳጥኑ የሚያውቀው ነገር በሙሉ እኮ እዚያ ላይ ነው! ተራ አጠባበቁም፣ የሲስተር ድምፅም። ያለሱ ቦርዷ ጠዋት ተነስታ ማን መሆኗን እንኳ አታውቅም። ቦታው መልሰነዋል ብላኝ ነበር እኮ ሲስተር። ለሁላችሁም አሳይቼ ነበር፣ የመጨረሻው ቀን።»

«እኔ አልነበርኩም።»

«አውቃለሁ፣ ፈልጌዎት ነበር። አሁን ከደወሉልኝ ልናገር። ያኔ ድምፅዎን አላስቀዳም ማለትዎ እስካሁን ይቆጨኛል።»

«የምን ድምፅ?»

«መጀመሪያ የጠየቅኩት የእርስዎን ነበር። የመጣሁ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ሲጠሩ ሰማሁ። ሲስተርን ‹ለባለቤትዎ ይንገሩልኝ፣ እሳቸውን እንቅዳቸው› አልኳት። ‹እሱ አይሆንም› አለችኝ። ካልሆነማ እርስዎ ይቅዱልኝ ብዬ ነው…»

ቀጥሎ ያለውን አልሰማሁም። አመሰገንኩት መሰለኝ። ስልኩን ስዘጋ ቦርዷን እንደ ሳሙና ጨብጫት ነበር።

እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አራት ወር ሙሉ ቅናቴ ወደ ሌላ ከተማ ነበር ፊቱን ያዞረው። አሁን ዞሮ በገዛ ቤቴ በር ቆመ። ለምን አይሆንም አለች? ራሷ ልትገባበት ፈልጋ? ከእሱ ጋር እዚያ ብርድ ልብስ ውስጥ ልትቆም?

ሰዓቱ ግን ዘጠኝ ሊሆን ነው። ካርድ ክፍል ተመለስኩ። ከእኔ ጋር የምትሠራው ሴትዮ እትዬ መዝገብ ትባላለች፤ በዕድሜ ትቀድመኛለች፣ በሥራም በአንድ ዓመት። ሹራብ እየሠራች ነበር።

«እትዬ፣ ትናንት ከሳጥኑ ካርድ ያወጣ ሰው አለ?»

«እኔ ነኛ።»

«የት አደረግሽው?»

«ቦታው መለስኩታ!»

«ቦታው የት ነው?»

እንደ ጅል አየችኝ። «ሲስተር በመስኮት ‹ካርዱን አውጪና ጠርገሽ ቦታው መልሺው› ብላ ጮኸችብኝ። አወጣሁ፣ ጠረግኩ፣ ቦታው መለስኩ። እኔ ካርድ የምመልስበት ሃያ ዓመት የማውቀው ቦታ አንድ ነው።» በሹራብ መርፌዋ መደርደሪያውን አሳየችኝ።

«እትዬ… ምን ላይ?»

«‹ሰ› ላይ ነዋ። ሳጥን።»

«በንጉሡ ሠ ነው በእሳቱ ሰ?»

«በእሳቱ። ሳጥንን በንጉሡ የሚጽፍ ሰው አይቼ አላውቅም።»

መሰላሉን ሳብኩ። ከሁለት ሳሙኤሎች አጠገብ አዲስ ካርድ አለ፤ ትናንት እኔው ከማተሚያ ቤት ካመጣኋቸው። እትዬ መዝገብ ያለ ካርድ የሚገባ ነገር አትወድም፤ ስለዚህ አውጥታለታለች፣ በሥርዓቱ፣ በሚያምር እጅ ጽሕፈቷ፣ አንድም መስመር ሳትዘል። ስም፦ ሳጥን። ዕድሜ፦ አራት ወር። ፆታ፦ በድምፅ ሴት። አድራሻ፦ መጠበቂያ አዳራሽ። የሕመሙ ሁኔታ፦ አንድ ቃል ይደጋግማታል። የአባት ስም በሚለው ላይ የባለሳጥኑ ስም ከነአያቱ ሰፍሯል። የእናት ስም በሚለው ላይ የባለቤቴ።

ኋላው ላይ የክኒን ከረጢት በመርፌ ቁልፍ ተያይዟል። ውስጡ ያቺ ጥፍር የምታክል ነገር።

«እትዬ፣ ይሄ የአባት ስም…»

«የሠራውን ሰው ጻፍኩ። ታዲያ ማንን ልጻፍ፣ አንተን? አንተ መቼ ነክተሃት ታውቃለህ?»

ክፋት የለባትም፤ እትዬ መዝገብ መስመር ባዶ ሲቀር ስለምትታመም ነው። እኔና ሲስተር ልጅ የለንም። ይሄን የምናገረው ያ ወረቀት እጄ ላይ ለምን እንደከበደኝ እንዲገባችሁ ነው እንጂ ሌላ አልልበትም።

መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ ከረጢቱን ከፍቼ ጥቁሯን ነገር መዳፌ ላይ አፈሰስኳት። ክብደት የላትም። ሁለት መቶ ቁጥር፣ ሦስት ቀን፣ «ውኃ ጠጪ» የተባለበት ከሰዓት፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። ከመሰላሉ ሥር የመታጠቢያው ቧንቧ ጉድጓድ አለ። ጣቴን ባዘነብለው ትወድቃለች፤ የሚጠየቀው እኔ አልነበርኩም፣ እትዬ መዝገብ ናት። ይሄን አስቤዋለሁ። ለምን ያህል ጊዜ እንዳሰብኩት አላውቅም፣ እትዬ መዝገብ «ሳሙኤልን ነው የምትፈልገው?» እስክትለኝ ድረስ ነው።

«አይ» አልኳት። ወረድኩ። ያቺን ሴትዮ በስተርጅናዋ በእኔ ቅናት ላስገስጻት አልቻልኩም፤ ሌላ ጽድቅ አልነበረኝም።

ካርዷን ብረት ከንፈሯ ውስጥ ገፋኋት፤ ቀጭ አለች። ሰካሁ። ቀዩ በራ። አረንጓዴው አንድ ጊዜ ጠቀሰ፤ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ እንደሚቸኩል ሰው ደጋገመው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ሚስቴ «እንደምን ዋላችሁ፤ ዝግጁ ነኝ» አለች።

ገሚሱ አጨበጨበ። ጥሩንባ ያሉኝ አሮጊት «ኤጭ! ተነሳችብን» አሉ። ዳይሬክተሩ ብቅ ብሎ «እሰይ! ሰውየው ቀረ በሉት» ብሎ ሄደ። የፈለግኩት ተሰጠኝ። መስኮቱን ዘግቼ ተቀመጥኩና ከሰዓቱን ሙሉ ቁጥሮቹን አዳመጥኩ። ድምፁ ጥሩ ነው። ሃያ ስምንት ላይ ትንሽ ይቆራረጣል። ሲሰሙት ቸኩላ አይደለም የቆጠረችው፤ ማንንም እንዳታስደነግጥ ዝቅ አድርጋ ነው። ያ አነጋገር የኔ ነው። ከኔ ነው የወሰደችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹ ባዶ ሆነ። ሲስተር ነጭ ልብሷን አውልቃ ክንዷ ላይ ይዛ መጣችና መጨረሻው ረድፍ ላይ፣ ታካሚ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋች።

«እትዬ ካርድ አወጣችለት አሉ። እስቲ አሳየኝ።»

በመስኮቱ አቀበልኳት። ማንበብ ጀመረች፤ «በድምፅ ሴት» ላይ ስትደርስ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ጣቷ ወደ ታች ወረደና ቆመ። ሳቋ አለቀ። ወረቀቱን ገልብጣ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ይቺ ሴትዮ አታፍርም» አለች ቀስ ብላ።

«እኔን ነበር የጠየቀው።»

«ማን?»

«ድምፅ። መጀመሪያ እኔን ነው የጠየቀው። አንቺ አይሆንም አልሽ።»

አልካደችም። ትካዳለች ብዬ ነበር የተዘጋጀሁት፣ ለዚያ የሚሆን መልስ ነበረኝ።

«አዎ።»

«ለምን? ከእሱ ጋር ‹ባክህ› ለመባባል?»

«ባክህ?» አፏን ከፍታ ቀረች። «አንተ ሰውዬ! የታናሽ ወንድሜ እኩያ እኮ ነው! ምን ልበለው፣ ‹ባክዎ›? ሦስት ቀን ከአንድ እስከ ሁለት መቶ አስቆጥሮኝ በምን አቅሜ ላክብረው!»

ልስቅ ነበር፤ አልሳቅኩም። «ታዲያ ለምን?»

ልብሷን ከክንዷ ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችው።

«በቀን መቶ ሃምሳ ሰው ትጠራለህ። የማንንም ሚስት፣ የማንንም እናት፤ እያንዳንዷን እንደዚያ አድርገህ፣ ከነአባቷ፣ ቀስ ብለህ። እኔ ግድግዳው ማዶ መርፌ እየወጋሁ እሰማሃለሁ። ቤት ስትገባ በሩን ትዘጋለህ፣ አለቀ። እኔ አወራለሁ፣ አንተ ትሰማለህ። ሰሚ ባል አለሽ ብለው ጓደኞቼ ይቀኑብኛል፤ እውነታቸውን ነው፣ ሰሚ ነህ። እኔ ግን አንዳንድ ቀን… እሱ ‹እንቅዳው› ሲለኝ፣ ይሄማ ጭርሱን እዚያ ሊቀር ነው አልኩ። ሳጥኑ ቢጠራ አንተ ዝም ትላለህ፤ አፍህ ያርፍና ለቤት ትንሽ ይተርፋል ብዬ ነው። ስስት ነው። አንተን ሳልጠይቅ ማድረጌም ልክ አይደለም። በቃ።»

«ቀንተሽ ነው?»

«በማን እቀናለሁ?»

«በወረፋው።»

አሰበች። «አዎ» አለች፤ «በወረፋው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «አራት ወር ዝም ብለህ ኖርክ፤ ቤት ግን ምንም አልተረፈም። ይባስ ብሎ አኮረፍክ። ስሜን መጨረሻ የጠራኸው መቼ ነው?»

ፈለግኩ። እመኑኝ፣ ከአራት ሺህ ካርድ አንዱን በአንድ ደቂቃ አገኛለሁ። ሲስተር አለ። ስሚ አለ። አንቺ አለ። ስሟ የለም። የእኔን አራት ወርና የእሷን ስንት ዓመት ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፤ የእኔ አጭር ነበር።

ሌላ የማውቀው መንገድ ስላልነበረኝ በመስኮቱ ብቅ አልኩ። ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ስሟን ከነአባቷ ጠራሁት፤ በባዶው አዳራሽ፣ ጮክ ብዬ ሳይሆን ለፈራ ሰው እንደምጠራው፣ የአባቷን ስም አስረዝሜ።

አልተነሳችም። ፊቷን በነጩ ልብሷ ሸፍናው ነበር።

«አልሰማሁም» አለች ከልብሱ ውስጥ።

ደገምኩት።

«አቤት» አለች።

በዚህ መካከል ስልኳ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ጮኸ። ሁለታችንም ማን እንደሆነ አወቅን። ዓይኗን እየጠረገች አንስታ በመስኮቱ ሰጠችኝ። «አንተ አንሳው።»

«ሄሎ፣ ሲስተር?» አለ ባለሳጥኑ። «ተነሳላችሁ?»

«ተነሳ።»

«ኦ ጋሼ! ተመስገን! የት ነበር ካርዱ?»

«ቦታው» አልኩት።

«ጎበዝ! ሲስተርስ የለችም እንዴ?»

ሲስተርን አየኋት። ወረቀቱን ይዛ፣ ተነስታ፣ ወደ መስኮቱ እየመጣች ነበር።

«አለች» አልኩት፤ «ተራዋ ደርሶ ነው።»

ዘጋሁበት። ሰው ላይ ስልክ መዝጋት ነውር ነው፤ በዚያ ላይ ሰውየው ከትህትና በቀር ያጠፋብኝ ነገር የለም። ነገ እደውልና ይቅርታ እጠይቀዋለሁ ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ያን ዕለት ግን አልጠየቅኩም።